ጠጁ መፍላት ሲያቆም ማር አትጨምሩበት

ባለፈው ዓመት ለገና ብዬ የጣልኩት ጠጅ በአሥራ አንደኛው ቀን ዝም አለ። ከጀሪካኑ አፍ ወደ ውሃ ጠርሙስ የዘረጋኋት ቀጭን ቱቦ ሌሊቱን ሁሉ ቡልቅ ቡልቅ ስትል ከርማ፣ አንድ ጠዋት ስነሳ ድምፅ የለም። ቀመስኩት። ብርዝ ነው። ትንሽ ኮምጠጥ ብሏል፣ የጌሾው ምሬትም አለ፣ ግን ከንፈር ላይ የሚጣበቅ ጣፋጭ ነው። ገና ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ እንግዳ ደግሞ ተጠርቷል።

ጅማ ውስጥ ምክር በነፃ ነው። አንዱ ማር ጨምርበት አለኝ። ሌላው ስኳር። ሦስተኛው ሰው አይቶብህ ነው፣ በብርድ ልብስ ሸፍነው አለኝ። ከሦስቱ ለእውነት የቀረበው የመጨረሻው ነበር፤ ምክንያቱን ባያውቀውም። ወደዚያ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ጋኑ ወይም ጀሪካኑ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ እንይ። ጠጅን ጠጅ የሚያደርገው እርሾ ነው። እርሾ ደግሞ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ይበላል፣ ይራባል፣ ይበርደዋል፣ ይደክመዋል፣ ይሞታል። የማሩን ስኳር በልቶ አልኮልና ጋዝ ያወጣል። 100 ግራም ስኳር ሲበላ በግምት 51 ግራም አልኮልና 49 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ይቺን ግማሽ በግማሽ የሆነች ሒሳብ ያዟት፣ ቆይታ ትጠቅመናለች።

እንግዲህ ጠጅ ቆመ ስንል ስኳሩ ሳያልቅ በላተኛው ሥራ አቆመ ማለታችን ነው። ጥያቄው ለምን አቆመ ነው። ራበው? በረደው? ወይስ ከመጀመሪያውም ቁጥሩ ትንሽ ነበር? ማርና ስኳር ጨምሩ የሚለው ምክር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጠጁ ጣፋጭ ከሆነ እርሾው የሚበላው ስኳር ፊቱ ተዘርግቶለታል ማለት ነው፤ እምቢ ያለው በሌላ ምክንያት ነው። የቀረበለትን ያልበላ ሰው ተጨማሪ እንጀራ ብታቀርቡለት ምን ዋጋ አለው። እንዲያውም ስኳሩ ሲወፍር ከእርሾው ገላ ውስጥ ውሃውን ይመጠዋል፤ ማር ራሱ ለዓመታት ሳይበላሽ የሚቀመጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ማር መጨመር የቆመውን ጠጅ ጭራሽ ያስተኛዋል።

ለመሆኑ በእርግጥ ቆሟል? ቱቦዋን አትመኑ። የጀሪካኑ ክዳን በደንብ ካልገጠመ ጋዙ በጎን ይወጣና ቱቦዋ ዝም ትላለች፣ ውስጡ ግን ሥራው ቀጥሏል። በተቃራኒው ደግሞ የቆመ ጠጅ ቀን ፀሐይ ሲሞቀው የያዘውን ጋዝ ይለቅና ቡልቅ ይላል፤ ሰው ተነሣ ብሎ እልል ይላል። ሃይድሮሜትር፣ ማለትም ጠጁ ውስጥ የቀረውን ስኳር የሚያሳይ መለኪያ፣ ያለው ሰው በቀናት ልዩነት ሁለት ሦስት ጊዜ ለክቶ ነገሩን ይጨርሳል። እኔ የለኝም። ያለኝ ቡና የሚሰበስብ ጎረቤት ነው፣ እሱ ደግሞ ዲጂታል ሚዛን አለው። በቡና ወቅት ሚዛን መዋስ ራሱን የቻለ ሽምግልና ነው፣ ግን ተሳካልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዙ ሲወጣ ዕቃው ይቀላል። 3 ኪሎ ማር ውስጥ 2 ኪሎ ከ400 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ያ ሁሉ ቢፈላ ከ1 ኪሎ በላይ የሚመዝን ጋዝ ወደ አየር ይወጣል። እንደዚህ ያለውን ለውጥ የሽንኩርት ሚዛንም ያየዋል። እናም ጀሪካኑን እንዳለ፣ ከነክዳኑ ከነቱቦው፣ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ማክሰኞ 18 ኪሎ ከ640 ግራም። ሐሙስ 18 ከ640። ቅዳሜም ያው። አራት ቀን ሙሉ አንዲት ግራም አልወጣም፣ ጠጁ ግን እንደ ብርዝ ይጣፍጣል። በቃ፣ ቆሟል።

ሚዛኑ ካልቀነሰና ጠጁ ከደረቀ፣ ማለትም ጣፋጭነቱ ጠፍቶ ጉሮሮ ላይ የሚሞቅ ከሆነ፣ እሱ አልቆመም፤ ጨርሷል። ተዉት ይጥራ። ሽታው ኮምጣጤ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አየር ገብቶበት ባክቴሪያ አልኮሉን እየበላው ነው፣ እሱን የሚመልስ ነገር የለም፣ ለሰላጣ ይሁን። ጠጅ ቤት ለስላሳ ብለው የሚቀዱላችሁን ጣፋጭ ጠጅም ከዚህ ጋር አታምታቱ። እሱ ሳይደርቅ ሆን ተብሎ የተቀዳ ነው።

ጠጄ እንዳቆመ ካረጋገጥኩ በኋላ ቆጪ የሚኖሩ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ጠጅ ሲጥሉ የማውቃቸው እማማ ዘንድ ሄድኩ። ገና ቁጭ ሳልል ጠየቁኝ።

«በምን ሰፈርከው?»

«አንድ ለሦስት ነው እማማ።»

«አንድ ምን ለሦስት ምን?»

«አንድ ጆግ ማር ለሦስት ጆግ ውሃ።»

ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ጆግ እኮ ማር ሲሞላና ውሃ ሲሞላ እኩል አይከብድም።»

ይህ ነገር ሲነገረኝ ቀላል ይመስላል፣ ግን ጠጄን የገደለው ዋናው ጥፋት ይኸው ነበር። የአንድ ሊትር ውሃ ክብደት 1 ኪሎ ነው። የአንድ ሊትር ማር ግን 1 ኪሎ ከ400 ግራም ገደማ ነው። እኔ 4 ሊትር ማር በ12 ሊትር ውሃ በረዝኩ፤ 4 ሊትር ማር ማለት 5 ኪሎ ከ600 ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ስኳሩ ወደ 4 ኪሎ ተኩል ይጠጋል። በ16 ሊትር ሲካፈል በሊትር 280 ግራም ስኳር። 4 ኪሎ ማር መዝኜ በ12 ሊትር ውሃ ብበርዘው ኖሮ በሊትር 215 ግራም አካባቢ ይሆን ነበር። ሁለቱም አንድ ለሦስት ይባላሉ!

ልዩነቱ ምን ያመጣል? በየሊትሩ 17 ግራም ገደማ ስኳር ተፈልቶ 1 በመቶ አልኮል ይሰጣል። 215 ግራሙ እስከ መጨረሻው ቢፈላ ወደ 12 ተኩል በመቶ ነው፤ ጠንካራ ጠጅ ነው፣ ግን እርሾው ከተንከባከቡት ይደርስበታል ወይም ይጠጋዋል። 280ው እስከ መጨረሻው ይፍላ ካልን 16 በመቶ ማለፍ አለበት። ተራ የዳቦ እርሾ ወይም ከዕቃው ላይ በራሱ የሚመጣው እርሾ እዚያ ከመድረሱ በፊት የራሱ አልኮል ያሰክረዋል፤ በቁም ነገር ነው የምለው፣ አልኮሉ የእርሾውንም ገላ ይጎዳል። ስለዚህ ብዙ ማር በጨመራችሁ ቁጥር ጠጁ የሚበረታ ከመሰላችሁ፣ ከአንድ ቦታ በኋላ የሚጨምረው ጣፋጩ ብቻ ነው።

የዚህ መድኃኒቱ ውሃ ነው። ብዙ ሰው ጠጄን ላቀጥን? ብሎ ይሸማቀቃል። አትሸማቀቁ። ውሃ አፍልታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። የእኔን ወደ 215 ለማውረድ 5 ሊትር ገደማ አስፈለገ፤ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ስለማይበቃው ለሁለት ከፈልኩት። ከዚያ ወዲህ ማርና ውሃ በኪሎ እንጂ በጆግ ሰፍሬ አላውቅም።

ማሩ ራሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። እኛ ማር ምግብ ነው እንላለን፣ ለእርሾ ግን ማር ማለት ሽሮ የሌለው እንጀራ ነው። ስኳር ሞልቶታል። እርሾ ገላውን ለመሥራትና ለመራባት የሚፈልገው ናይትሮጅን ግን ማር ውስጥ እጅግ ትንሽ ነው። ጠላ ላይ ይህ ችግር ብዙ አይታይም፤ ገብሱም ብቅሉም በዚህ በኩል ሀብታም ናቸው። የጠላ ችግር ሌላ ነው፤ ብቅሉ አርጅቶ ወይም እንፋሎቱ ካልወጣ እንኩሮ ጋር ተቀላቅሎ ኃይሉን ካጣ የእህሉ ስታርች ወደ ስኳር አይለወጥም፣ እርሾ ደግሞ ስታርች አይበላም። ቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ሰዎችም ቢራቸው ግማሽ መንገድ ላይ ሲቆም መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ብቅሉ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ሙቀት ነው።

ወደ ማሩ ልመለስ። ሂርማታ ገበያ ላይ ስትገዙ ሁለት ዓይነት ያጋጥማችኋል። አንዱ የተጣራ፣ እንደ መስታወት የሚያሳይ። ሌላው ከነሰፈፉ፣ የአበባ ዱቄቱም የንብ ክንፉም የተቀላቀለበት። ለዳቦ የመጀመሪያው ያምራል። ለጠጅ ግን የድሮ ሴቶች ሁለተኛውን የሚመርጡት በርካሽነቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እርሾው የራበውን ናይትሮጅን በከፊል የሚያገኘው ከዚያ ከአበባ ዱቄቱ ነው። ጠቆር ያለ ማርም ከነጩ ይልቅ በማዕድን ይበልጣል። ከጌራ በኩል የሚመጣውን ነጭ የጌተም ዛፍ ማር እወደዋለሁ፣ ግን ለብቻው ስጥለው ሁልጊዜ ይጎተትብኛል፤ አሁን ግማሹን ጠቆር ካለ የጫካ ማር ጋር እቀላቅለዋለሁ። ስኳር የተቀላቀለበት ማር ከሆነ ደግሞ በሽታው ይብሳል፤ ስኳር ውስጥ ናይትሮጅን የሚባል ነገር የለም።

ታዲያ ለቆመው ጠጅ ወጡን ከየት እናምጣለት? ከሱቅ። የዳቦ እርሾ ግዙ። አንድ የሻይ ማንኪያ በትንሽ ውሃ አሥር ደቂቃ አፍሉት። አዎ፣ ግደሉት። የሞተ እርሾ ለሕያው እርሾ ምርጥ ምግብ ነው፣ ገላው ውስጥ የሚፈለገው ሁሉ አለ። ሲቀዘቅዝ 10 ሊትር ለሚሆን ጠጅ ጨምሩት። ይህንን ለአንድ ሃይማኖተኛ ጓደኛዬ ስነግረው ፊቱን አጨማደደ። ዘቢብ ጨምሩ የሚሉም አሉ፤ ዘቢብ ለጣዕም ጥሩ ነው፣ እርሾ ለመመገብ ግን ጥቂት ፍሬ ምንም አያመጣም።

እዚህ ላይ ቆጣ ብዬ የምናገረው አንድ ነገር አለ። የውጭ አገር የማር ጠጅ ጠማቂዎች ዳፕ የሚባል የእርሾ ምግብ ይጨምራሉ የሚል ወሬ ከኢንተርኔት ያነበበ ሰው፣ ዳፕ? እሱማ ገበሬው ዘንድ ሞልቷል ብሎ እንዳይሄድ። ስሙ አንድ ነው፣ ኬሚካሉም በመሠረቱ አንድ ነው፣ ግን የእነሱ ለምግብ ተብሎ የተጣራ ነው። የማዳበሪያው ለመሬት ነው፤ እንደ ካድሚየም ያሉ ሰው ገላ ውስጥ መግባት የሌለባቸው ብረቶች ሊኖሩበት ይችላሉ። ዩሪያም አይነካም፤ ከአልኮል ጋር ሲቆይ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚፈራ ነገር ይፈጥራል። የፈላ የዳቦ እርሾ ያውም በጥቂት ብር እያለ ማዳበሪያ ጠጅ ውስጥ የሚጨምር ሰው እንግዳውን አይወድም።

ብርዱስ? ያ በብርድ ልብስ ሸፍነው ያለኝ ሰው ጋ ደረስን። ጅማ ሞቃት ናት ይባላል፣ ቀን እውነት ነው። ግን 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። የእኔ ጀሪካን የተቀመጠው ሲሚንቶ ወለል ላይ ነበር። ሲሚንቶ ሙቀት ይመጥጣል፤ በባዶ እግራችሁ ቁሙበትና ታውቁታላችሁ። እርሾ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ድረስ ደስ ብሎት ይሠራል፣ ከ15 በታች ግን ብዙው ይተኛና ታች ይዘቅጣል። ቀን ሲሞቅ ሊነሣ ይሞክራል፣ ሌሊት ተመልሶ ይተኛል። በቀንና በሌሊት መካከል ያለው መዋዠቅ ከብርዱ ባልተናነሰ ይጎዳዋል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት፣ ምንም ሳትጨምሩ፣ ጀሪካኑን ከወለል አንሡት። ጣውላ ወይም የታጠፈ ጆንያ ላይ አስቀምጡት፣ ጋቢ ጠቅልሉት፣ ማታ ማታ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ አጠገቡ አድርጉለት። ምድጃ ላይ አትጣዱት፣ እርሾው ይሞታል። ከዚያ ዕቃውን ቀስ ብላችሁ ወዘወዝ አድርጉት፣ ታች የተኛው አተላ እንዲነሣ። ቀስ ብላችሁ ነው ያልኩት፤ በዚህ ሰዓት በኃይል መናጥ አየር ያስገባል፣ አየር ደግሞ ወደ ኮምጣጤ የሚወስደው መንገድ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ጠብቁ። ብዙ የቆመ ጠጅ በዚህ ብቻ ይነሣል።

የእኔ አልተነሣም። እማማ ይህንንም ቀድመው ጠርጥረው ነበር።

«በምን ላይ ጣልከው?»

«አዲስ ጀሪካን ነው።»

«ጌሾውስ?»

«ቀቅዬ ጨመርኩት።»

«ሲበርድ?»

ዝም አልኩ። ለብ ሲል ነው ብዬ አስባለሁ፣ ግን እጄን አልከተትኩበትም። ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ያለፈ ሙቀት እርሾ ይገድላል፤ ትኩስ የጌሾ ውሃ ያረፈበት ቦታ ያለው እርሾ በሙሉ ያልቃል። ከዚህም ሌላ አሮጌ ጋን እርሾ ያሳድራል። በግራዋ ቢታጠብም፣ በወይራ ቢታጠንም፣ ሸክላው በየቀዳዳው ካለፈው ጠጅ የተረፈ እርሾ ይዞ ይቆያል፤ አዲስ ብርዝ ሲገባበት ሠራተኛው ቤት ውስጥ ይጠብቀዋል። አዲስ ፕላስቲክ ባዶ ቤት ነው። ከማሩና ከጌሾው ጋር የሚመጡት ጥቂት እርሾዎች ብቻቸውን ያን ሁሉ ስኳር ሊጋፈጡ ነው። (ብርዝ የሚሸጡት ደግሞ የሚፈሩት በተቃራኒው ነው። ማታ የበረዙት ለጠዋት ደንበኛ እንዳይፈላባቸው ዕቃቸውን በየቀኑ ፍትግ አድርገው ያጥባሉ፤ እኛ የምንለምነውን እነሱ ያባርሩታል።)

አዲስ እርሾ ማስገባት ግን ጥበብ አለው። ደረቅ እርሾ ከፓኬት አውጥቶ የቆመ ጠጅ ላይ መበተን ገንዘብ መጣል ነው። እዚያ ውስጥ አልኮል አለ፣ አሲድ አለ፣ ስኳር አለ፣ ምግብ የለም፤ ከእንቅልፉ በነቃበት ቅጽበት እዚያ የተወረወረ እርሾ አብዛኛው ወዲያው ይሞታል። ማለማመድ ያስፈልጋል። እኔ ያደረግሁት ይህንን ነው። ለ10 ሊትር 10 ግራም ያህል ደረቅ እርሾ፣ በ100 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፤ የእጃችሁ አንጓ ላይ ጠብ ስታደርጉት የማያቃጥል፣ 35 ዲግሪ ገደማ። ሩብ ሰዓት። አረፋ ሲያነሣ ግማሽ ሲኒ ከቆመው ጠጅ ጨመርኩ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ፣ ሌላ ግማሽ ሲኒ። ከዚያ አንድ ሲኒ። ከዚያ አንድ ብርጭቆ። አረፋው በወረደ ቁጥር ቆም እያልኩ፣ ሲመለስ እየጨመርኩ፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በዚሁ ጨረስኩት። ማታ ላይ አንድ ሊትር የሚሆን፣ ላዩ ነጭ አረፋ የሸፈነው፣ ጆሮ ስታስጠጉበት እንደ ለስላሳ መጠጥ የሚንሿሿ ጥንስስ ነበረኝ። የጥንስሱና የጠጁ ሙቀት እንዲቀራረብ ትንሽ አቆየሁትና ገለበጥኩት።

ያንን ግን ለአንደኛው ጀሪካን ነው ያደረግሁት። ለሁለተኛው እማማ ከራሳቸው ጋን፣ በደንብ እየፈላ ካለው ጠጅ፣ አንድ ትልቅ ጣሳ ከነአተላው ቀዱልኝ። ይሄ ከእኔ ግማሽ ቀን ሥራ የተሻለ ነው፤ ያ እርሾ ማርም አልኮልም ጌሾም ለምዷል፣ በቁጥርም በቢሊዮን ነው። ጎረቤት የሚፈላ ጠጅ ካለው ፓኬት ከመግዛታችሁ በፊት ጣሳ ይዛችሁ ሂዱ። እሱንም ቢሆን በአንዴ አትገልብጡት፤ ማለማመዱ አጠር ይላል እንጂ አይቀርም።

በማግስቱ ጠዋት የእማማ ጣሳ የገባበት ጀሪካን ቡልቅ ይል ነበር። የእኔኛው አንድ ቀን ተኩል ዘገየ። በሳምንቱ ሚዛኑን እንደገና ተዋስኩ፤ ሁለቱ አንድ ላይ 700 ግራም ቀለዋል። ወደ 1 ኪሎ ከ400 የሚጠጋ ስኳር ተበልቷል ማለት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ቀርቷል። ተመልሶ የተነሣ ጠጅ በጠርሙስ ለመግባት አይቸኮልበትም። አንዴ የቆመ ዳግም ሊቆምና ሞቅ ሲል ሊነሣ ይችላል፣ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ከተነሣ ደግሞ ጋዙ መውጫ ስለሌለው መስታወቱን ይሰብረዋል። ሚዛኑ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ካልቆየ ክዳኑን ጥብቅ አታድርጉ። የእኔ ለገና አልደረሰም። እንግዶቹ ብርዝ ጠጥተው ሄዱ፣ ጠጁን ጥምቀት ላይ ቀዳነው፤ የእማማን ጣሳም የመለስኩት ሞልቼ ነው።